የመጨረሻው ቀንና የመጨረሻው ሌሊት፦ ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ከቦሌ ለሚበር መንገደኛ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከውጭ አገር መጥቶ መኪና የሚከራይ ዘመድ የጉዞውን መነሻ አሳምሮ ያቅዳል። ከአዲስ አበባ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ኮምቦልቻ ወይስ ደሴ እንደሚያድር፣ ላሊበላ ስንት ቀን እንደሚቆይ አስቀድሞ ያውቀዋል። መመለሻውን ግን «እሱ ያኔ ይታያል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ወንድሞቼንና የአክስቶቼን ልጆች ደጋግሜ ተቀብዬ ሸኝቻለሁ፤ ከጉዞው ሁሉ የበለጠ ዕቅድ የሚፈልገው የመጨረሻው ቀንና ሌሊት መሆኑንም ከዚሁ ተረድቻለሁ። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ስንብቱ፣ ሻንጣው፣ መንገዱ፣ የመኪናው ርክክብና በረራው እርስ በርሳቸው ይሻማሉ። ብዙ ሰው ሰዓት የሚበላው መንገዱ ይመስለዋል። በእኛ አገር ግን ከመንገዱ ይልቅ ሰዓት የሚበላው ስንብቱ ነውና፣ ስንብቱ ራሱ እንደ አንድ ትልቅ ሥራ ቦታና ሰዓት ሊመደብለት ይገባል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ቲኬቱን ወደ እኛ ሰዓትና ቀን ይመልሱ

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ከቦሌ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች የሚነሡት በምሽትና በእኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሆነ፣ ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ቀን ቤተሰቡ በአእምሮው ከያዘው ቀን ጋር ላይገጥም ይችላል። ምሳሌ ልስጥ። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 በሚውልበት ዓመት ቲኬትዎ «ጃንዋሪ 20፣ 00:30» ይላል እንበል። ጃንዋሪ 20 በእኛ ጥር 12 ነው፤ 00:30 ደግሞ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ይህንን የሰማ ዘመድ ሁሉ «እንግዲህ የቃና ዘገሊላ ዕለት አብረን ውለን፣ ማታ እንሸኛቸዋለን» ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን አውሮፕላኑ የሚነሣው የጥምቀት ዕለት መሽቶ፣ ወደ ጥር 12 በሚያነጋው ሌሊት ነው። ከቤት መውጣት ያለብዎት በጥምቀት ዕለት ነው ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ከዓመታት በፊት በረራውን ያጣው ልክ በዚህ መንገድ ነበር፤ አየር ማረፊያ የደረሰው በትክክለኛው ሰዓት፣ ነገር ግን በማግሥቱ ነበር።

ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጽፈው በቤተሰቡ መካከል ያስቀምጡ፤ የሚወጡበትን የሳምንቱን ቀን፣ ያንን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እንዲሁም ከቤት የሚነሡበትን ሰዓት በኢትዮጵያ ሰዓት። የበረራውን ሰዓት ለማንም መንገር አያስፈልግም። ለእናት፣ ለአያትና ለጎረቤት የሚነገረው ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ብቻ ነው፤ «ሌሊት 6:30 ነው» ከተባለማ ማንም ሰው ቀን ላይ ከቤት አያስወጣዎትም።

ከበረራው ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ

በረራው ከምሽቱ 5:30 ነው እንበል። ለዓለም አቀፍ በረራ ከሦስት ሰዓት በፊት መገኘት የተለመደ ምክር ስለሆነ፣ ከምሽቱ 2:30 ቦሌ መድረስ አለብዎት። መኪናው የሚመለሰው በቀን ብርሃን፣ ማለትም ከ11:00 ሰዓት ሳያልፍ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ። ከርክክቡ በፊት ሻንጣ የሚወርድበትና ሰውነት የሚታጠብበት ጊዜ ስለሚያስፈልግ፣ አዲስ አበባ መግባት ያለብዎት ከቀኑ 8:00 ሰዓት ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ በለገጣፎና በአያት በኩል እስከ መገናኛ ያለውን መጨናነቅ ጨምሮ ሦስት ሰዓት ይያዝላት፤ ለምሳና ለመንገድ ላይ ግዢ አንድ ሰዓት ሲጨመር ከደብረ ብርሃን የሚነሡት ከረፋዱ 4:00 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ከንጋት እስከ 4:00 ሰዓት ያለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ የስንብት ነው።

በዓል ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። በከተራ፣ በጥምቀትና በቃና ዘገሊላ ታቦታት በሚያልፉባቸው ከተሞች ሁሉ መንገድ ይዘጋል፤ መኪና አቁሞ መጠበቅ እንጂ ማለፊያ መፈለግ ተገቢ አይደለም። በእነዚህ ቀናት ሁለት ሰዓት ቀድመው ይነሡ።

የመጨረሻው ሌሊት የት ይታደር?

የብዙ ሰው ምክር «ለማንኛውም አዲስ አበባ ግቡና እደሩ» የሚል ነው። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በረራው የምሽት ከሆነ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ የመጨረሻው ሌሊት ደብረ ብርሃን ቢታደር ይሻላል። አዲስ አበባ ካደሩ ቀጣዩን ቀን ሙሉ በሆቴል ክፍልና በገበያ መካከል ሲንከራተቱ ይውላሉ፤ ደብረ ብርሃን ካደሩ ግን ያንኑ ጠዋት ከቤተሰብ ጋር ያሳልፉታል። ይህም ሆኖ ሦስት ሁኔታዎች ሐሳቤን ያስቀይሩኛል። በረራው የጠዋት ወይም የቀትር ከሆነ፣ ሕፃን ልጅ ወይም የታመመ ሰው አብሮ ካለ፣ እንዲሁም ስለ መንገዱ የጸጥታ ሁኔታ ጥርጥር ካለ አንድ ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ይግቡ።

በተለይ ስለ ሦስተኛው ጥቂት ልበል። ባለፉት ዓመታት ይህ መንገድ በተለያየ ጊዜ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል፤ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ክፍት ለመሆኑ ዋስትና የለም። መረጃውን ከማኅበራዊ ሚዲያ ሳይሆን በዚያው ቀን ከአዲስ አበባ ከገባ የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር ወይም ከመናኸሪያ ይጠይቁ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ይጠይቁ። የዋዜማው መልስ ጥርት ያለ ካልሆነ፣ ገና ብርሃን ሳለ ወደ አዲስ አበባ ይንዱ። ከመሸ በኋላ ግን በምንም ምክንያት አይንዱ። ጸጥታው ሰላም በሆነበት ጊዜም ቢሆን በዚህ መንገድ ላይ በጨለማ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ከገበያ የሚመለስ ከብትና አህያ፣ ተበላሽቶ መሐል መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ያጋጥማል።

የመጨረሻውን ሙሉ ቀን በአንድ ቦታ ብቻ ይገድቡ

ከወሎ ሲመለሱ ሸዋ ሮቢትን አልፈው ወደ ደብረ ሲና የሚወጣው መንገድ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አየር ያሳይዎታል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ ላብዎን እየጠረጉ ማንጎ ይገዛሉ። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣና ጣርማ በር ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ያደርስዎታል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትና ሕዝቡ «የሙሶሎኒ ዋሻ» የሚለው መሿለኪያ ያለው እዚህ ነው። ጃኬት፣ ጋቢና የልጆች ሹራብ በሻንጣው ሥር ሳይሆን ከወንበሩ ኋላ መቀመጥ ያለባቸው ስለዚህ ነው፤ ልጆች በቁምጣ ሆነው የተሳፈሩበት መኪና ጣርማ በር ላይ ሲቆም የሚሆነውን ያየ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ይሞላውና የመኪናው አፍንጫ እንኳ እስከማይታይ ድረስ መንገዱን ይሸፍነዋል። በክረምትና በበልግ ይህ የየዕለት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ጣርማ በርን ከቀትር በፊት እንዲያልፉ አድርገው ያቅዱ። ጉም ከያዘዎት አጭሩን መብራት አብርተው፣ ፍጥነት ቀንሰው፣ ከፊት ካለው መኪና ርቀው ይንዱ፤ ረጅሙ መብራት በጉም ውስጥ ተመልሶ ዓይንዎን ያጥበረብራል። ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት የሚቆሙ ከሆነ ደግሞ ከመጠምዘዣው ርቀው፣ ጥግ ይዘው ይቁሙ።

ከወሎ የማይመለሱና ደብረ ብርሃንን ማዕከል ያደረጉ ከሆነ፣ ለመጨረሻው ቀን የምመርጥልዎ አንኮበርን ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት 1:00 ሰዓት ተነሥተው ከ3:00 ሰዓት በፊት የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ ቆመው የአፋርን ቆላ ቁልቁል ማየት ይችላሉ። ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች ካሉ፣ የሸዋ ነገሥታት ከዚህ ኮረብታ ሆነው ይገዙ እንደነበር፣ ምኒልክ የተወለዱትም ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በአንጎለላ በ1836 ዓ.ም. መሆኑን እዚያው በቦታው መንገር ከማንኛውም የሙዚየም ጉብኝት ይበልጣል። ምሳ በልተው ከቀኑ 10:00 ሰዓት በፊት ደብረ ብርሃን ይመለሱ።

ጓሳን ግን ለመጨረሻው ቀን አያስቀምጡት። የመንዝ ሕዝብ «ቄሮ» በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ያ ከፍተኛ ሜዳ በጥድፊያ አይታይም፤ ከጣርማ በር ተገንጥሎ የሚሄደው መንገድም ጎማ ቢፈነዳ ቶሎ ረዳት የሚገኝበት አይደለም። በጉዞው መካከል ሙሉ ቀንና ሌሊት ይመድቡለት።

ማምሻውን፦ ነዳጅ፣ ክፍልና ሻንጣ

ደብረ ብርሃን እንደገቡ፣ ወደ ሆቴል ሳይሄዱ ነዳጅ ይሙሉ። ጠዋት ወረፋ ሊኖር ይችላል፤ ክፍያውም በአብዛኛው የሚፈጸመው በቴሌብርና በመሳሰሉት የሞባይል አገልግሎቶች ስለሆነ፣ በስልክዎ ላይ በቂ ሒሳብ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከተማዋ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ነው። ክፍል ሲይዙ ከቴሌቪዥኑና ከኢንተርኔቱ በፊት የሙቅ ውኃውን ነገር ይጠይቁ። ውኃው በመብራት የሚሞቅ ከሆነ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ማሞቂያውንም ያንቀሳቅስ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልሆነ መብራት ባለበት ሰዓት፣ በማታው ይታጠቡ። ተጨማሪ ብርድ ልብስም ገና ሲገቡ ይቀበሉ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናትና በዚህ ማፈር አያስፈልግም።

ሻንጣ የሚዘጋጀው በዚህ ምሽት ነው፤ ጠዋት ፈጽሞ አይሆንም። የአብዛኛው አየር መንገድ የአንድ ሻንጣ ገደብ 23 ኪሎ ስለሆነ፣ የእጅ ሚዛን ይኑርዎት፤ ለጠዋቱ ስጦታም ቢያንስ አራት ኪሎ ባዶ ይተዉ። እናት በርበሬውን ማታ ጨርሳ አትሰጥዎትም፤ ጠዋት አንድ ተጨማሪ ቋጠሮ ሁልጊዜ አለ። የእኛ ቤት አሠራር እንዲህ ነው፦ በርበሬው በወፍራም ላስቲክ ሁለት ጊዜ ይታሰራል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ከሽሮው ጋር በሻንጣው መሐል ልብስ ከታችም ከላይም ተደርጎለት ይቀመጣል፤ ዳር ላይ ከተቀመጠ ሻንጣው ሲወረወር ይፈነዳል።

ቅቤን በተመለከተ ግን ያለ ማመንታት እንነጋገር። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኅብረቱ ውጭ በመንገደኛ ሻንጣ የሚመጣ የሥጋና የወተት ውጤት አያስገቡም፤ ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰውም ማንኛውንም ምግብ ማስመዝገብ አለበት፤ ቋንጣ ከተገኘ ይወረሳል። ይህንን ለቤተሰቡ ቀደም ብሎ መንገር የእርስዎ ኃላፊነት ነው። ቅቤው ተነጥሮ፣ ቅመም ገብቶበት፣ በጆግ ተሞልቶ ከቀረበ በኋላ «አይገባም» ማለት የሰው ልብ ይሰብራል። ከሳምንት በፊት ከነገሯቸው ግን ጭኮውን እዚያው አብራችሁ ትበሉታላችሁ፤ ለመንገድ የሚሆነው በሶና ቆሎ ነው።

አሮጌ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ ወይም ሌላ ጥንታዊ ዕቃ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይያዝበት ከአገር ሊወጣ አይችልም። አዲስ ሆኖ አሮጌ የሚመስል ዕቃ ከገዙ ደረሰኙን ከዕቃው ጋር ያስቀምጡ። ከመንዝ የገዙት፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ወይም ዝተት ካለ ደግሞ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ በገመድ ጠበቅ አድርገው አስረው ለብቻው ያስመዝኑት።

ፓስፖርት፣ ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ የመኪናው ውልና የማስያዣው ደረሰኝ በአንድ ትንሽ ቦርሳ ገብተው ከሰውነትዎ ሳይለዩ ይደሩ።

ጠዋቱ የስንብት ነው

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የወረደው ውርጭ ጠዋት የመኪናውን መስታወት ነጭ አድርጎት ያገኙታል። ፈልቶ የወረደ ውኃ አይድፉበት፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ሞተሩን አስነሥተው የሙቀት አየሩን ወደ መስታወቱ ይልቀቁና በጨርቅ ይጥረጉ፤ ወይም መኪናውን ማታውኑ ጠዋት ፀሐይ በሚመታበት በኩል ያቁሙ።

ከቤተ ክርስቲያን የሚጀምሩ ከሆነ በማለዳ ይሁን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት ቦታ የመሠረቷት ከተማ ናትና፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳይሳለም የሚሄድ የአካባቢው ልጅ ጥቂት ነው። ከ1:30 ሰዓት በኋላ ግን ቤት ይገኙ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ አቋርጦ መነሣትም ነውር ነው። ስለዚህ ቡናው ከ2:00 ሰዓት ሳያልፍ እሳት ላይ እንዲጣድ አስቀድመው ከእኅትዎ ወይም ቡና ከምታፈላው ልጅ ጋር ይነጋገሩ፤ ይህን ለአባት ወይም ለእናት ማለት ማጣደፍ ይመስላል፤ ለእኅት ሲነገር ግን የቤት ጉዳይ ነው። ወደ የዘመዱ ቤት እየዞሩ መሰናበት ደግሞ በዚህ ጠዋት ሊሆን አይችልም። አንዱ ቤት ገብተው ሌላውን ካለፉ ቅሬታ ይፈጠራል፤ ሁሉም ጋ ከገቡ «ሳትቀምሱማ አትወጡም» የሚለው ቃል ብቻውን ቀኑን ይጨርሰዋል። አቅመ ደካሞችንና ሐዘን ያለባቸውን ከሁለት ቀን በፊት በየቤታቸው ይሰናበቱ፤ ሌላው ዘመድ ለመጨረሻው ጠዋት ቡና አንድ ቤት ይሰብሰብ።

ምርቃት ከ3:30 ሰዓት ሳያልፍ እንዲጀመር ታላቁን ሰው በአክብሮት ያሳስቡ። «አባባ፣ ሳንነሣ ይመርቁን» ማለት ይበቃል፤ ይህ ቃል በየትኛውም ቤት «ሰዓቱ ደርሷል» ማለት መሆኑ ይታወቃል፤ ማንንም ቅር አያሰኝም። ሁሉም ተነሥቶ እጁን ዘርግቶ «አሜን» እያለ ሲቆም፣ ሾፌሩ ሻንጣውን ጭኖ ጨርሶ ሞተር አስነሥቶ ይቆይ። ከምርቃቱ በኋላ ተመልሰው አይቀመጡ።

ከቤተሰቡ ማን አዲስ አበባ ድረስ እንደሚሸኝም በዋዜማው ይወሰን። አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃል። መመለሻቸውንም ያስቡላቸው፤ እርስዎን ሸኝተው በጨለማ ወደ ደብረ ብርሃን እንዳይመለሱ የሚያድሩበት ቤት ከወዲሁ ይታወቅ።

መንገዱ

ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱንና ሰንዳፋን አልፈው ይገባሉ። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ፍጥነት ያስጨምራል፤ በየከተማው ባጃጅና እግረኛ ድንገት ይገባልና ፍጥነቱን ይጠብቁ። መቆም ካለብዎት ሸኖ ላይ አንድ ጊዜ ይቁሙ። የሸኖ ለጋ ቅቤ ለውጭ አገር ባይሆንም፣ አዲስ አበባ ላስተናገዱዎት ሰዎች ከዚህ የተሻለ ማመስገኛ የለም።

መኪናውን በብርሃን ይመልሱ

አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ለወንድሜ የተከራየሁትን መኪና ዝናብ በሚዘንብበት ምሽት መለስኩ። ተቀባዩ በእጅ ባትሪ ዞሮ አይቶ «ደህና ነው» አለን፤ በማግሥቱ ግን በበሩ ላይ ጭረት ተገኘ ተብሎ ከማስያዣው ገንዘብ ተቆረጠ። ጭረቱ ከእኛ በፊት የነበረ ይሁን አይሁን ማስረዳት አልቻልንም፤ ወንድሜም በዚያን ሰዓት አየር ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው፦ መኪናውን ስረከብ አራቱንም ጎን፣ ጎማዎቹን፣ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን፣ የነዳጁንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ በስልክ እቀርጻለሁ። ከመመለሴ በፊት መኪናውን አሳጥቤ፣ ያንኑ ቀረጻ በዚያው ቅደም ተከተል እደግማለሁ። ማስያዣው በእጅ ሳይመለስ፣ «ጉድለት የለበትም» የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀትም ሳይሰጠኝ ቁልፉን አላስረክብም። ሾፌር ያለው መኪና ከሆነ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ የአበሉና የጉርሻው ሒሳብ ግን በመንገድ ላይ ሳይሆን ከመለያየትዎ በፊት ቁጭ ተብሎ ይዘጋ።

ቦሌ

ከርክክቡ በኋላ በታክሲ ወይም በዘመድ መኪና ይሂዱ። የቀረዎትን ብር ለሸኚው ይስጡ፤ ከአገር ይዞ ለመውጣት የሚፈቀደው የብር መጠን በሕግ የተወሰነ ነው። በቴሌብር የቀረዎትን ሒሳብም ለቤተሰብ ያስተላልፉት፤ ሲም ካርዱን ግን ከውስጥ ሆነው ስለሚደውሉበት ገና አያውጡት። ሸኚ አልፎ የማይገባበት በር ላይ ስንብቱ አጭር ይሁን፤ ትልቁ ስንብት ጠዋት በምርቃት ተፈጽሟል። ፍተሻውን አልፈው፣ ሻንጣው ተመዝኖ ገብቶ፣ የመሳፈሪያ ወረቀቱን በእጅዎ ከያዙ በኋላ ደብረ ብርሃን ይደውሉና «ገብቻለሁ፣ ሻንጣውም አለፈ፣ በርበሬውም ደህና ነው» ይበሉ። እናት ስልኩን ይዛ እየጠበቀች ነው፤ ያንን ቃል ሳትሰማም አትተኛም።